ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬ ስለ መኪና ነው፤ አነሳሱ ግን ከስደት ነው።

በጀርመን አገር፣ በባቫርያ፣ ኑረምበርግ የምትባል ከተማ አለች። ከጥንት ጀምሮ መጫወቻ በመሥራት ስሟ የተጠራ ነው። እዚያ ቲፕ ኤንድ ኮ የሚባል ፋብሪካ ነበር፤ ቆርቆሮ እየቆረጠ፣ እያጠፈ፣ ቀለም እያተመበት፣ በቁልፍ ተጠምዝዞ የሚሄድ መኪና፣ ሞተር ሳይክልና አውሮፕላን የሚሠራ። ባለቤቱ ፊሊፕ ኡልማን ይባላል፤ አይሁዳዊ ነው። 1933 መጣ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)፣ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ኡልማን ፋብሪካውን ከነማሽኑ ከነስሙ ጥሎ እንግሊዝ አገር ገባ።

እሱ ከወጣ በኋላ ያ ፋብሪካ ምን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ መሰላችሁ? የመሪውን መርሰዲስ! የቆርቆሮ መርሰዲስ፣ ትንሽ የሂትለር ምስል የተቀመጠበት። የጀርመን ሕፃን ወለል ላይ እየገፋ ይጫወትበት ዘንድ። ዛሬ ይህንንም በጨረታ ተሻምተው የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ ቤቴ አላስገባውም፤ የሰው ነገር ግን አይታወቅም።

ኡልማን ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት ኖርዝሃምፕተን ላይ ሜቶይ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። አርተር ካትዝ የሚባል ሰውም ተቀላቀለው፤ ኋላ ኩባንያውን ከመሩት አንዱ የሆነው። ጦርነቱ ሲመጣ መጫወቻው ቀርቶ ለሠራዊቱ ዕቃ ሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ደቡብ ዌልስ ተሻግረው፣ ስዋንዚ ከተማ ዳር፣ ፎረስትፋክ በሚባል ሠፈር ትልቅ ፋብሪካ ተከሉ። በ1956 ኮርጊ የሚባሉት ትንንሽ የብረት መኪኖች ገበያ ወጡ፤ ኮርጊ ማለት መቼም ያች እግረ አጭሯ የዌልስ ውሻ ናት።

ገበያው ባዶ አልነበረም። ሊቨርፑል ላይ ዲንኪ የሚባለው ቀድሞ ተቀምጦበታል። ኮርጊዎች በምን ገቡ? በመስታወት። እስከዚያ ድረስ የመጫወቻ መኪና መስኮት ባዶ ቀዳዳ ነበር፤ እነሱ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ገጠሙበት። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ልጅ ግን እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም።

አሠራሩንም ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ወሬው አይገባችሁም። ዚንክ ከጥቂት አሉሚኒየም ጋር ተቀላቅሎ በ400 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። የቀለጠው በኃይል ተገፍቶ ለሁለት በሚከፈል የብረት ፎርማ ውስጥ ይገባል። ወዲያው ይረጋል። ፎርማው ሲከፈት ቦዲዋ ከነበሯ ቅርጽ፣ ከነመብራቷ ጉድጓድ ተሠርታ ትወጣለች። ጠርዟ ይሞረዳል፣ ቀለም ይረጭባታል፣ ወንበርና መስታወት ይገባላታል፣ ሻንሲው ከሥር ይገጠማል፣ አለቀ። ብረቱ ርካሽ ነው፤ ውዱ ፎርማው ነው። ስለዚህ አንዴ ፎርማ ያወጣ ኩባንያ እሱኑ እየጠጋገነ፣ እየለዋወጠ ደጋግሞ ቢጠቀምበት ደስታው ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስደተኛ ልውሰዳችሁ።

በ1921 በርሊን ውስጥ ክላውስ አዳም የሚባል ልጅ ተወለደ፤ እሱም ከአይሁድ ቤተሰብ። በ1934 ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ክላውስ ኬን ተባለ። ጦርነቱ ሲነሳ ይህ የበርሊን ልጅ የእንግሊዝ አየር ኃይል ተዋጊ አብራሪ ሆነ፤ ታይፉን በምትባለው አውሮፕላን የተወለደባትን አገር ጦር እየበረረ ደበደበ። ቢማረክ ምን ይጠብቀው እንደነበር እናንተው አስቡት። ሰላም ሲወርድ ፊልም ቤት ገባ፣ የመድረክና የዕቃ ንድፍ አውጪ ሆነ። እነዚያ የሰላዩ የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ላይ የምናያቸው ግዙፍ አዳራሾች፣ የክፉ ሰዎች ዋሻ፣ ያ ሁሉ የእሱ እጅ ነው።

የቦንዱ ፊልም «ጎልድፊንገር» የሚሠራበት ጊዜ ደረሰ። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ በ1959 መጽሐፉ ላይ ለቦንድ የሰጠው የቆየውን አስተን ማርቲን፣ ዲቢ ማርክ 3ን ነበር። ፊልሙ ሲታሰብ ግን የአገሩ መነጋገሪያ አዲሷ ዲቢ 5 ነበረች። ኬን አዳምና የልዩ ዘዴ ባለሙያው ጆን ስቲርስ ፋብሪካው ድረስ ሄደው ለመኑ፤ አስተን ማርቲኖች እያቅማሙ ሰጡ። ከዚያ በኋላ በዚያች ምስኪን መኪና ላይ ያልተጫነባት ነገር የለም። ከፊት መብራቷ ሥር መትረየስ፣ ከኋላ ጥይት የሚመክት ጋሻ፣ ዘይት ማፍሰሻ፣ ጭስ መልቀቂያ፣ ከቸርኬዋ መሐል ወጥቶ የሰው ጎማ የሚቦጭቅ ምላጭ። የሚሽከረከር ታርጋም አላት። የታርጋው ሐሳብ የዳይሬክተሩ የጋይ ሃሚልተን ነው፤ ሰውየው ያለ ቦታው እያቆመ ቅጣት መክፈል አማርሮት ነበርና። እንዲህ ያለው ምኞት የለንደን ሰው ብቻ አይምሰላችሁ!

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋቢናው። ቦንድ እየነዳ ነው፣ ጠላቱ ጋቢና ሽጉጥ ደግኖ ተቀምጧል። የማርሹ አናት ላይ ክዳን አለ። ክዳኑን ገለጥ፣ ቀዩን ቁልፍ ጫን፤ ጣሪያው ይበረገድና ሰውዬው ከነወንበሩ ወደ ሰማይ!

እንግዲህ እውነቱን ስንነጋገር ይህ ሁሉ የፊልም ሽወዳ ነው። መትረየሱ ጋዝ እያቃጠለ ብልጭ ይላል እንጂ ጥይት አይወጣውም። የተወረወረው ሰው አሻንጉሊት ነው። የሚወረወረው ወንበርም ለዚያች አንዲት ቀረጻ ሲባል ገብቶ፣ ካሜራው ሲጠፋ የወጣ ነው። ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ልጅ ይህን አያውቅም፤ ቢነግሩትም አይሰማም።

ፊልሙ የወጣው በመስከረም 1964 ነው። ስዋንዚ ያሉትን ሰዎች ባቡሩ አምልጧቸዋል፤ ቀጣዩ የቦንድ ፊልም በ1965 ገና ሰሞን ሊወጣ ነውና አንድ ነገር ማድረስ አለባቸው። የኮርጊ ዋና ንድፍ አውጪ ማርሴል ቫን ክሌምፑት ይባላል። ዲቢ 5 ለመሥራት አዲስ ፎርማ ከባዶ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል። መደርደሪያው ላይ ግን ከ1960 ጀምሮ ሲሠሩባት የነበረችው የታላቅ እህቷ፣ የዲቢ 4 ፎርማ አለች። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህቺን ነው። እሷኑ ቆራርጠው፣ ጠጋግነው፣ ሆዷ ውስጥ ሞላና ዘንግ ጠቅጥቀው በጥቅምት 1965 ለገበያ አወጧት። ቁጥሯ 261።

ቀለሟ ደግሞ ወርቅማ! ፊልሙ ላይ ያለችው ብርማ ናት፤ ያየ ሁሉ ያውቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ መጠን ላይ ብርማ ቀለም ሲረጩባት ቀለም ያልነካው ጥሬ ብረት መሰለች። የፊልሙም ስም ከወርቅ ጋር የተያያዘ ነው፣ ወርቅማ ትሁን ተባለ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ቦዲዋ የዲቢ 4፣ ቀለሟ የማንም። ቅጂ ነው የሚሉት እንዲህ ከሆነ ዳኛ ፊት አትቆምም።

እስቲ ግን እጃችሁ ላይ አስቀምጧት። ክብደቷ ከምትገምቱት በላይ ነው፣ ዚንክ ነዋ። ቸርኬዋ ባለ ሽቦ፣ ወንበሯ ቀይ። ከኋላ የማርሚታውን ጫፍ በጣታችሁ ጫን ስታደርጉ ጋሻው ብድግ ይላል። ከጎኗ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ስትነኩ ከፊት ሁለት መትረየስ ብቅ፣ የፓራውልቱ ቀንዶችም አብረው ወደ ፊት ሸርተት። ቀጥሎ አንዲት ደቃቃ ቁልፍ አለች፣ ጥፍር ብቻ የምትበቃት። እሷን ስትጫኑ ጣሪያው ጠብ ብሎ ይከፈታል፣ ወንበሩ ይፈናጠራል፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ አየር ላይ ነው! ጣሪያ ድረስ ባይደርስም ከሶፋ ሥር ይደርሳል። እንግዲህ ፈልጉት።

እኔ እንዲህ ነው የማየው። ትልቋ መኪና መሥራት መሰለች፤ ትንሿ ሠራች። የኛ ሠፈር ልጅ ከሽቦና ከጣሳ የሚሠራትን መኪና አይታችኋል? ማንንም መኪና አትመስልም፤ ግን ረጅሙን መሪ ሲያዞረው የፊት ጎማዋ እውነት ይዞራል፣ ልጁም የሚኮራው በዚያ ነው። የኮርጊዋም ምስጢር ይኸው ነው ባይ ነኝ። ልጁ ሲኒማ ቤት ያየው ነገር ማታለል ነበር፣ ቤቱ ወለል ላይ ግን አንድም ነገር አላታለለውም። ሁለት ስደተኞች፣ አንዱ ከበርሊን፣ አንዱ ከኑረምበርግ፤ የበርሊኑ ሰው ያለመውን የኑረምበርጉ ሰው ፋብሪካ በሞላ አስፈጸመው። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ወረቀት ሳይቀር ቁም ነገረኛ ነው፤ «ምስጢራዊ መመሪያ» የያዘ ፖስታ፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ የ007 (የቦንድ መለያ ቁጥር) ምልክት፣ እና ለክፉ ቀን የተቀመጠ ተጠባባቂ ሰውዬ። የሠሩት ሰዎች የመጀመሪያው እንደሚጠፋ አስቀድመው አውቀውታል!

ዋጋዋ ከ10 ሺሊንግ በታች ነበር። የ1965 ገና ሲደርስ እንግሊዝ አገር ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋች፤ የመጫወቻ ቸርቻሪዎች ማኅበርም የዓመቱ መጫወቻ ብሎ ሸለማት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። በ1968 በአዲስ ፎርማ የተሠራች እህቷ መጣች፤ ይህቺኛዋ እንደ ፊልሙ ብርማ ናት፣ የጎማ መቦጨቂያውም የሚሽከረከረው ታርጋም አላት። በመመሳሰል ብትወዳደር ታናሿ ትበልጣለች። ሰብሳቢውን «የትኛዋን?» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ወርቅማዋን ይላችኋል።

ስዋንዚ ያሉትም ትምህርቱን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የፊልም መኪና ማለት አንድ ነገር የሚያደርግ መኪና ሆነ። በ1966 ጀግናው ባትማን የሚነዳትን መኪና አወጡ። ትልቋ የተሠራችው ጊያ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ ቱሪን ላይ በ250 ሺህ ዶላር ከሠራት፣ ሊንከን ፊውቸራ ከምትባል የ1955 ማሳያ መኪና ላይ ነው፤ ሆሊዉድ ያለው ጆርጅ ባሪስ በ1 ዶላር ገዝቶ ጥቁር ቀባትና ክንፏን ለወጠው። 1 ዶላር! በ2013 ሲሸጣት ከኮሚሽኑ ጋር 4.62 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለባት። የኮርጊዋ ከአፍንጫዋ ሰንሰለት መበጠሻ ታወጣለች፣ ከኋላዋ ሮኬት ትወረውራለች፣ ስትገፏት ከማርሚታዋ የፕላስቲክ ነበልባል ወጣ ገባ ይላል። ሮኬቶቹም እንደ ሰውዬው ከሶፋ ሥር ቀሩ። በ1968 ደግሞ «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ» መጣች፣ ክንፍ ያላት በራሪ መኪና። ታሪኩ የዚያው የፍሌሚንግ ነው፣ ንድፉ የዚያው የኬን አዳም። ኮርጊ የሠራት ላይ አራት ሰዎች ተሳፍረዋል፣ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፤ ቀድመው የሚጠፉትም ሕፃናቱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ማቴል ሆት ዊልስ የሚባሉትን አወጣ፤ በቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ንፋስ የሚሽከረከሩ። በ1969 ስዋንዚ ላይ እሳት ተነሥቶ መጋዘን ሙሉ ዕቃ በላ። ኮርጊዎች ጎማቸውን ለወጡ፣ ታገሉ። ሜቶይ በ1982 ድራጎን 32 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ሁሉ ሠርቶ ነበር፤ የመጫወቻ ፋብሪካ ኮምፒውተር ሲሠራ አስቡት። አላዳነውም። በ1983 ሜቶይ ከሰረ። የኮርጊ ስም ግን አልሞተም፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ማቴል ዘንድም ደርሶ፣ በ2008 ሆርንቢ ገዛው።

ሰብሳቢ ዘንድ ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መጀመሪያ የሚያየው መኪናዋን እንዳይመስላችሁ፤ ሳጥኗን ነው። ልጅ መኪናውን ይይዛል፣ ካርቶኑን እናቱ ትጥላለች፤ ስለዚህ የተረፈው ካርቶን ውድ ነው። ቀጥሎ ፖስታው ታሽጎ ነው ወይ? ምልክቱ ተለጥፏል ወይስ አልተለጠፈም? ተጠባባቂው ሰውዬ ወንድሙ ከጠፋ በኋላ ተተክቷል ወይስ አሁንም ፖስታው ውስጥ ነው? ይህ ሁሉ ከተሟላ ዋጋው ባዶዋን መኪና እጥፍ ድርብ ይሆናል። የካርቶኑ ቅጂ፣ የሰውዬው ቅጂ፣ የወንበሩ ሞላ ሳይቀር አዲስ እየተሠራ ይሸጣል፤ አጭበርባሪውም በዚያው ልክ ነው። እንደገና ቀለም የተቀባች ከሆነች ደግሞ ሐቀኛ ሰብሳቢ ፊቱን ያዞራል። ቀለሟ የተላላጠ፣ ጣሪያዋ ላይ የልጅ ጣት ያረፈባት ብትሆን ይሻለዋል። እዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። ከፋብሪካ እንደወጣች ታሽጋ 60 ዓመት የኖረች ኮርጊ አይቼ አልቀናም፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ወርውራ አታውቅማ።

ትልቆቹስ የት ገቡ? ቀረጻ ሲያልቅ ያች ዋናዋ፣ ዘዴ ተሸካሚዋ ዲቢ 5 ዕቃዋ ሁሉ ተነቅሎ፣ በ1968 እንደ ማንኛውም ያገለገለ መኪና ተሸጠች። ከዚያ የገዛት ሰው መትረየሱንም ጋሻውንም እንደገና አሠርቶ ገጠመላት። ማለት፣ ዋናዋ ራሷ ላይ የተገጠመው ቅጂ ነው! በ1997 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ቦካ ራቶን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሃንጋር ተሰረቀች፤ እስከ ዛሬ በይፋ አልተመለሰችም። ሌላዋ፣ ለመንገድ ቀረጻ ያገለገለችው፣ በ2010 ለንደን ላይ በ2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ተጫረተች። ካሜራ ፊት እንኳ ቀርባ የማታውቅ፣ ለማስታወቂያ ብቻ የተሠራች ሦስተኛዋ በ2019 ካሊፎርኒያ ላይ ከ6.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች።

ፊልም ሠሪዎቹም በበኩላቸው ወደ ትንሿ ተመለሱ። በ2012 «ስካይፎል» በተባለው የቦንድ ፊልም ላይ ዲቢ 5 ስትጋይ ያያችሁ ሰዎች ልባችሁ እንዳይሰበር፤ የጋየችው የዋናዋን ሲሶ የምታክል ሞዴል ናት። ሦስት ሆነው የተሠሩት ቮክስልጄት በሚባል ኩባንያ ማተሚያ፣ በዱቄት ንብርብር ታትመው ነው፤ ቦታውም ባቫርያ ነው፣ ከኡልማን ከተማ ብዙ ሳይርቅ። ፊልሙ ሊወጣ ሲል ከሦስቱ አንዷ ለበጎ አድራጎት ጨረታ ቀርባ ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ አመጣች። ሞዴልና ዋናው ዕቃ ከዚህ በላይ እንዴት ይደበላለቃል?

ይደበላለቃል፤ ቆዩ። በ2020 አስተን ማርቲን ራሱ፣ ከ55 ዓመት በኋላ፣ ኒውፖርት ፓግኔል ባለው የድሮ ግቢው «የጎልድፊንገሯን» እንደ አዲስ ሠርቶ ለ25 ደንበኞች አቀረበ። አንዷ 4,500 የሥራ ሰዓት ፈጅታለች፤ ዋጋዋ ግብሩን ሳይጨምር 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ። ብርማ ናት፣ ጭስ ትለቃለች፣ ታርጋዋ ይሽከረከራል፣ ጋሻዋ ከኋላ ብድግ ይላል፣ መትረየሷ ድምፅና ብልጭታ አለው። መንገድ ላይ መውጣት ሕግ አይፈቅድላትም። የማርሹ አናት ላይ ክዳኑ አለ፣ ከክዳኑ ሥር ቀዩ ቁልፍ አለ። ከጋቢናው በላይ ያለው የጣሪያ ክፍልም ለፈለገ ደንበኛ ተነቃይ ሆኖ ይሠራለታል። ወንበሩ ግን የትም አይሄድም። ሰውዬውን ማስወረድ ያማረው ሚሊየነር በሩን ይክፈትለት።